ምድር ከእሳትና ከጎርፍ በኋላ እንደ ምን ትለመልማለች

በበጋ ወራት ዱር ሲቃጠል ያየ፥ በክረምትም ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ እርሻ ሲጠርግ የተመለከተ ሰው፥ ያ ስፍራ ዳግመኛ የማይለማ ይመስለዋል። እሳት ያለፈበት ተራራ እንደ ከሰል ጠቁሮ፥ ጎርፍ ያለፈበትም ሜዳ አሸዋና ድንጋይ ለብሶ ሲታይ ልብን ያሳዝናል። ዳሩ ግን ያው ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ቢመለከት፥ ከአመዱ ውስጥ ሣር ወጥቶ፥ ከተቃጠለውም ጉቶ አዲስ ቅጠል አቈጥቍጦ ያገኛል። ይህ ነገር ተደንቀውበት ብቻ የሚያልፉት አይደለም፤ ፈጣሪ የሰጠው ሥርዓት አለው፥ ሥርዓቱም በትምህርት ይታወቃል።

ይህን ጽሑፍ ለመምህራንና ፊደል ለቈጠሩ የአገር ሽማግሎች ማቅረባችን፥ ከእሳትና ከጎርፍ በኋላ በመንደር የሚደረገው ምክር የዚያን ምድር ዕድል የሚወስን ስለ ሆነ ነው። እሳቱ ጠፍቶ ዝናም በዘነመ በጥቂት ሳምንት ሣሩ ይበቅላል። ያን ጊዜ የተራበ ከብት ያለው ሰው «እንልቀቅበት» ይላል፤ ሌላውም «ይቈይ» ይላል። ከሁለቱ የማን ምክር እንደሚሻል ለመፍረድ፥ ምድር በምን በምን እንደምታገግም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ እሳት የሚያጠፋውና የማያጠፋው

የእሳት ነበልባል ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች ብዙ አይጠልቅም። አፈር ሙቀትን ቶሎ የማያሳልፍ ነገር ስለ ሆነ፥ ላዩ በነበልባል ሲለበለብ ከአንድ ስንዝር በታች ያለው አፈር ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ እምብዛም አይደርስበትም። ይህንም እናቶቻችን በምድጃ ያውቁታል፤ ማታ የተዳፈነ ፍም እስኪነጋ ድረስ ሳይጠፋ የሚያድረው፥ አመዱ ነፋስ እንዳይገባ ሙቀትም እንዳይወጣ ስለሚከለክል ነው።

ስለዚህ የምድር ላዩ ሲቃጠል ከታች ሦስት ነገሮች ይተርፋሉ። አንደኛው ሥር ነው፤ ሁለተኛው በአፈር ውስጥ የተሰወረ ዘር ነው፤ ሦስተኛውም አፈርን አፈር የሚያደርጉት ፍጥረቶች፥ ማለት የምድር ትሎች፥ ጉንዳኖች፥ በዓይን የማይታዩትም ደቂቃን ሕያዋን ናቸው። ሣር የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ አጠገብ ስለ ሆነ፥ እሳት ቢልሰውም እንደ ገና ይወጣል። ነገር ግን ታላላቅ ግንዶች ተከምረው ብዙ ቀን የነደዱ እንደ ሆነ፥ ሙቀቱ ጠልቆ ሥሩንም ዘሩንም ይገድላል። እንዲህ ያለው ቦታ አፈሩ ቀልቶ ይታወቃል፤ የሚያገግመውም ከሌላው ሁሉ ዘግይቶ ነው።

አመዱም ለጊዜው ለምድሪቱ ምግብ ይሆናታል። በእንጨቱና በቅጠሉ ውስጥ የነበሩት ካልሲየምና ፖታሲየም የተባሉት ማዕድናት በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ናይትሮጅን የተባለው ግን፥ ይኸውም ቅጠልን የሚያለመልመው ነው፥ አብዛኛው ከጢሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል። የቀረውንም አመድ አንድ ኃይለኛ ዝናም ጠርጎ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ «ሲቃጠል ይለማል» ብሎ በየዓመቱ ማቃጠል፥ ወደ ጎተራ ምንም ሳያስገቡ ከጎተራ እያወጡ እንደ መብላት ያለ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጥጋብ የኋለኛውን ዓመት ባዶነት ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሁለተኛ፤ የባሌና የሰሜን ተራሮች ምስክርነት

በ1992 ዓመተ ምሕረት፥ በየካቲትና በመጋቢት ወር፥ በባሌና በቦረና ደኖች ታላቅ እሳት ተነሥቶ ነበር። ዘመኑ ድርቅ ስለ ነበር ቅጠሉም እንጨቱም እንደ ገለባ ደርቆ ነበር። የተቃጠለው ደን ወደ 100,000 ሄክታር እንደሚሆን ተገምቷል። ወታደሮችና ተማሪዎች ከአገሩ ሰው ጋራ ሆነው በቅጠልና በአካፋ ታገሉት፤ ከውጭ አገርም፥ ከጀርመን፥ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ፥ ባለሙያዎች መጥተው ረዱ። እሳቱ ፈጽሞ የጠፋው ግን ዝናም በዘነመ ጊዜ ነው።

በባሌ ከፍተኛ ደጋ፥ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ፥ አስታ የሚባል ቁጥቋጦ ተራራውን ያለብሳል። አስታ ከግንዱ በታች፥ ከአፈሩ ጋር በተገናኘበት ስፍራ፥ ያበጠ እንጨታም ጉቶ አለው። በዚያ ጉቶ ውስጥ የተቀመጠ ስንቅና የተኙ እንቡጦች አሉ። ላዩ ነድዶ አመድ በሆነ ጊዜ እነዚያ እንቡጦች ይነቃሉ፤ ስንቁንም እየተመገቡ ከአንዱ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ያወጣሉ። አስታ በእሳት መካከል ሲኖር የቈየ ተክል ነውና ሞትን የሚሸሸው ወደ ምድር ውስጥ ነው።

የባሌ እረኞችም ይህን ከሊቃውንት በፊት ያውቁ ነበር። በበጋው ማለቂያ፥ ዝናም ሲቃረብ፥ ያረጀውን አስታ በየቦታው እያቃጠሉ ግጦሽ ያድሱ ነበር። በቅርብ ዘመን ነገሩን የመረመሩ ሰዎች እንደ ጻፉት፥ ገና ያልጎለመሰ አስታ እሳት ቶሎ አይዘውም፤ ስለዚህ በፊት የተቃጠሉት ቦታዎች ለሚመጣው እሳት እንደ አጥር ሆነው ይከለክሉት ነበር። በየስፍራው ያረጀና የደረቀ አስታ ብቻ ተከማችቶ ሲገኝ ግን አንድ ፍንጣሪ ተራራውን ሁሉ ታዳርሰዋለች። ይህን መናገራችን ማንም ተነሥቶ ያቃጥል ለማለት አይደለም፤ በድርቅ ዓመት የተለኰሰ እሳት ባለቤት የለውም። የሽማግሎችን የቀድሞ ዕውቀት ሳይጠይቁ መሻር ግን ጥበብ እንዳይደለ ለማስታወስ ነው።

እንዲሁም በ2011 ዓመተ ምሕረት፥ በመጋቢትና በሚያዝያ፥ ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት የሰሜን ተራሮች ፓርክ ተቃጥሎ ነበር። የአገሩ ሕዝብ ገደል ለገደል እየተንጠለጠለ ደከመ፤ ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተርና ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም አገዙ። በዚያም ተራራ የሚበቅሉት አስታና ጓሳ ከሥራቸው የሚያቈጠቍጡ ዓይነቶች ናቸው። ለእንደዚህ ያለ ምድር ከእሳቱ ይልቅ የሚያስፈራው፥ ቀንበጡ ገና ጣት ሳያህል የሚመጣው የከብት ጥርስ ነው። ጉቶው ስንቁን አውጥቶ ቀንበጥ ሰጠ፤ ያ ቀንበጥ ከተበላበት ሁለተኛ ጊዜ ከቀረው ይሰጣል፤ ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ ከተበላ ስንቁ ያልቅና ጉቶው ይሞታል። እሳት ያልገደለውን ግጦሽ ገደለው ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ዘርና ስለ እናት ዛፍ

ዛፍ ሁሉ እንደ አስታ አይደለም። ወይራ ቢቈረጥ ወይም ቢቃጠል ሥሩ ደኅና እንደ ሆነ ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ከጥፋት ውኃ በኋላ ርግብ ወደ ኖኅ ይዛ የመጣችው ለምለም ቅጠል የወይራ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ጽድ ግን ከጉቶው አያቈጠቍጥም፤ ግንዱ ከነደደ ያ ዛፍ ሞተ፤ በቦታው ሌላ ጽድ የሚቆመው ከዘር ሲበቅል ብቻ ነው።

ታዲያ ዘሩ ከየት ይመጣል? በአገራችን ደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን ዘር የቈጠሩ የደን ሊቃውንት አንድ ትልቅ ነገር አግኝተዋል። በአፈሩ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ የሚቈየው ዘር አብዛኛው የሣርና የልዩ ልዩ አረም ዘር ነው። የታላላቆቹ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር ግን በአፈር ውስጥ ረጅም ዘመን አይቈይም፤ ወይ ቶሎ ይበቅላል፥ ወይ ይበሰብሳል፥ ወይም አይጥና ነቀዝ ይበላዋል። የጥቁር እንጨት ዘር እንኳ በደረቀ ጊዜ ፈጥኖ የሚሞት ነው። ስለዚህ ደን ተቃጥሎ ሣር ቢበቅል፥ ደኑ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል ብሎ መተኛት አይገባም። የሣሩ ጎተራ ከምድር በታች ነው፤ የዛፉ ጎተራ ግን በሕይወት የቀረው ዛፍ ራሱ ነው።

በተቃጠለው ቦታ አጠገብ ጥቂት ዛፎች ቢተርፉ፥ ወፎች፥ ጦጣዎችና የሌሊት ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ያመጣሉ። የኮሶን ዘር ነፋስ ያበርረዋል። ኮሶ ብርሃን የሚወድ ዛፍ ስለ ሆነ፥ እሳት ባጠራው መሬት ላይ ቀድመው ከሚበቅሉት አንዱ ነው፤ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር ግን ችግኙ አያድግም። እንደዚህ ያሉት ቀዳሚዎች አድገው ጥላ ሲያበጁ፥ ጥላ የሚወዱት የነዝግባ ችግኞች በሥራቸው ያድጋሉ። ሥርዓቱ እንግዲህ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሣር፥ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፥ ከዚያም ብርሃን የሚወደው ዛፍ፥ በመጨረሻም ጥላ የሚታገሠው ዛፍ ይመጣል። ሣሩ የሚመጣው በሳምንታት ነው፤ ቁጥቋጦው በዓመታት፥ ደኑ ግን በልጆቻችንና በልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው።

አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ዛፍ እንዳይቈረጥ መከልከላቸው ምን ያህል እንደ ጠቀመ ከዚህ ይታወቃል። በብዙ አገር ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ፥ ወይራው፥ ጽዱና ዝግባው የሚገኘው በደብሩ ቅጥር ብቻ ነው። ያ ቅጥር ለምእመናን ጥላ ብቻ አይደለም፤ ለአገሩ ሁሉ የዘር ማደሪያ ነው።

ጉቶ ብቻ በቀረበት ስፍራም ተስፋ አለ። በወላይታ፥ ሁምቦ በተባለው አገር፥ ተራራው ለብዙ ዓመታት ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሮ ተራቍቶ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሕዝቡ በማኅበር ሆኖ 2,728 ሄክታር ከለለ። አብዛኛው ዛፍ የተመለሰው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን፥ በምድር ውስጥ ሕያው ሆኖ የቀረው ጉቶ ያወጣውን ቀንበጥ በመጠበቅና ደካማውን እየለዩ በመግረዝ ነው። እዚያ ያጠፋው መጥረቢያ እንጂ እሳት ባይሆንም፥ ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሥር ካለ ጊዜና ጥበቃ ይበቃዋል።

አራተኛ፤ ስለ ሙላትና ስለ ደራሽ ውኃ

በቋንቋችን ወንዝ ቀስ ብሎ ሲሞላ ሙላት እንለዋለን፤ ከላይ ዘንሞ በድንገት የሚወርደውን ደግሞ ደራሽ እንለዋለን። ይህ ልዩነት ለምድርም ታላቅ ልዩነት ነው። የሚሮጥ ውኃ ድንጋይና አሸዋ ይሸከማል፤ ሩጫው ሲበርድ ከባዱን አስቀድሞ ይጥላል፤ ፈጽሞ ሲዘገይ ደግሞ ደቃቁን ደለል ያሰፍራል። ስለዚህ ሙላት ብዙ ጊዜ ምግብ ጥሎ ይሄዳል፤ ደራሽ ግን አፈሩን ወስዶ ድንጋይ ይተዋል።

በ1998 ዓመተ ምሕረት ክረምት ሁለቱም በአገራችን ታዩ። ሐምሌ 30 ቀን ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ከሐረርጌ ደጋ በወረደ ደራሽ ተሞልቶ በድሬዳዋ ከተማ ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ነው፤ ደራሹንም ያበረታው ከላይ ያለው ተዳፋት መራቈቱ ጭምር ነው። በነሐሴ ወር ደግሞ የኦሞ ወንዝ በታችኛው አገር ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችንና ብዙ ሺህ ከብቶችን አጠፋ። በጣና ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳም በርብና በጉማራ ወንዞች ተጥለቀለቀ። ሰው ያለቀበትን ነገር ጥቅም ነው ልንል አንደፍርም። ዳሩ ግን ምድሪቱ ከዚያ በኋላ የሆነችውን መመልከት ይገባል።

በፎገራ ውኃው ሲሸሽ ጥቁር ደለል ይቀራል፤ ገበሬው በዚያ እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ሙላቱ በሚተኛበትም ስፍራ ሩዝ ያበቅላል። በታችኛው ኦሞ ዳሰነችና ሌሎችም ሕዝቦች ከሙላት በኋላ በወንዙ ዳር ማሽላ እየዘሩ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ግልገል ጊቤ ሦስተኛ የተባለው ግድብ ከተሠራና በ2009 ዓመተ ምሕረት ከተመረቀ ወዲህ ግን የወንዙ ሙላት እንደ ቀድሞው አይደለም፤ በሙላት ይዘራ የነበረውም እርሻ ችግር አግኝቶታል። ሙላት ጠላት ብቻ እንዳልነበረ የሚታወቀው በቀረ ጊዜ ነው።

ተክሎችም ሙላትን የሚችሉበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። ሥር እንደ እንስሳ ሁሉ ይተነፍሳል፤ ውኃ ለሳምንታት ከተኛበት አየር አጥቶ ይታፈናል። ቀጠማና ፊላ ግን በግንዳቸው ውስጥ አየር ወደ ሥር የሚያወርድ ክፍት መንገድ አላቸው። አኻያ ለደራሽ ይጐነበሳል እንጂ አይሰበርም፤ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ቢሄድም በወደቀበት እርጥብ አሸዋ ሥር ይሰድዳል። ሰርዶም ከየአንጓው ሥር እየሰደደ ደለሉን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። እነዚህ ሥር የሰደዱበት ቦታ የሚቀጥለውን ሙላት ያዘገዩታል፤ የዘገየውም ውኃ ተጨማሪ ደለል ይጥላል። ጠጠር የለበሰ ዳርቻ አፈር የሚያገኘው በዚህ ዓይነት ነው። የወንዙን ዳር ዛፍ የቈረጠ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሥራ ያቋርጣል፤ ዳርቻውም በየክረምቱ እየተናደ ከእርሻው ይወስዳል።

አምስተኛ፤ የላይኛው መንደር እሳት የታችኛው መንደር ጎርፍ ነው

ሣርና ቅጠል የለበሰ ተዳፋት የዝናሙን ጠብታ በቅጠሉ ተቀብሎ፥ በሥሩ መንገድ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። የተቃጠለ ተዳፋት ግን ራቍቱን ነው፤ ጠብታው አፈሩን ይመታዋል፤ አመዱም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከዚህም በላይ አንዳንድ ቅጠል ሲነድድ የሚወጣው ሰም መሰል ነገር በአፈሩ ውስጥ ረግቶ ውኃ እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ከእሳት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ክረምት ከሁሉ ይልቅ አስፈሪ ነው። የሚሄደው አፈር ደግሞ በሰው ዕድሜ የሚተካ አይደለም፤ የአንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር እስኪፈጠር ብዙ መቶ ዓመት ይፈጃል። ሣር ይመለሳል፥ ዛፍም ይመለሳል፤ አፈሩ ከሄደ ግን የሚመለሱበት ቤት የለም። እንግዲህ የላይኛው መንደር ሽማግሎች ስለ ተቃጠለው ተራራ ሲመክሩ የታችኛውን መንደር ሽማግሎች ቢጠሩ ተገቢ ነው።

ስድስተኛ፤ ሽማግሎች ሊመክሩበት የሚገባ

የተቃጠለው ስፍራ ቢያንስ ሁለት ክረምት ከከብት ይከልከል፤ ዛፍ የሚፈለግበት ቦታ ከሆነ ችግኙ ከፍየል አፍ በላይ እስኪያድግ ይቈይ። «ከብቴ ይሙት ወይ?» የሚለው ሰው ጥያቄ ግን እውነት ነውና በቍጣ አይመለስ። ሣሩ በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይወሰድ፤ ድርሻውም በቤት ቍጥር ይከፈል፤ ረዳት ከሌላቸው ይጀመር። በማጭድ የሚታጨድ ሣር ቀንበጡን እየለዩ ይተዉለታል፤ ፍየል ግን አትለይም። ድኻውን ሳያስቡ የተከለከለ ተራራ በሌሊት ይጋጣል።

በምድር ውስጥ ሕያው የሆነ ጉቶ ለከሰል አይነቀል። የተረፉት እናት ዛፎች በስም ተቈጥረው ለጠባቂ ይሰጡ። የወደቁት ግንዶች በተዳፋቱ አግድም ይጋደሙ፤ አፈር ያስቀራሉ። የተቃጠለው ተዳፋት «አመድ አለው» ተብሎ አይታረስ። በወንዝ ዳርም ጥቂት እርምጃ ስፋት ያለው መሬት ለአኻያና ለሣር ይተው። አገር በቀሉ እያቈጠቈጠ ሳለ ቸኵሎ ባሕር ዛፍ ብቻ መትከልም ቀንበጡን ማፈን ነው።

እንዲህ ያለው ክልከላ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በመንዝ፥ ጓሳ በተባለው ደጋ፥ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምረው አለቃ መርጠው ምድሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት፥ የጓሳው ሣር ሲደርስም ለክዳንና ለግጦሽ ይከፍቱት ነበር። ያ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈርሶ ነበር፤ በኋላ ግን የአገሩ ሰው በማኅበር ሆኖ በሌላ መልክ አቋቁሞታል። ሥርዓት እንደ ሣር ነው፤ ሥሩ በሰው ልብ ውስጥ ካለ ያቈጠቍጣል።

ሰባተኛ፤ ለመምህሩ

መምህሩ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ተቃጠለ ወይም ጎርፍ ወደ ነካው ቦታ ወስዶ ሁለት እኩል ቦታዎችን፥ በአራት ማዕዘን፥ በየማዕዘኑ አራት እርምጃ አድርጎ ይለካ። አንዱን በእሾህ ያጥር፥ ሁለተኛውን ክፍት ይተወው። በየወሩ መጀመሪያ ልጆቹ በሁለቱም ውስጥ የበቀለውን ይቍጠሩ፤ ከሥር የወጣውንና ከዘር የበቀለውን ይለዩ፤ ስሙንም ከአያቶቻቸው ጠይቀው በደብተር ይጻፉ። ደግሞ ሁለት ገበታዎችን አዘንብሎ፥ በአንዱ ሣር የበቀለበት አፈር፥ በሁለተኛው ባዶ አፈርና አመድ አድርጎ፥ በእኩል ውኃ ያጠጣቸው። ከየገበታው የሚወርደውን ውኃ በብርጭቆ ተቀብለው መልኩን ያስተያዩ። ዓመቱ ሲፈጸም ደብተሩ በሽማግሎች ፊት ይነበብ፤ የልጆቹ ቍጥር ከብዙ ክርክር ይልቅ ያስረዳልና።

«እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ ይባላል። ተረቱ የሚነቅፈው ከራሱ በኋላ የሚመጣውን የማያስብ ሰው ነው። ሰርዶው አህያይቱ ብትሞትም ይበቅላል፤ ሥሩ በምድር ውስጥ ነውና። ከእኛ የሚፈለገው እርሱ እስኪበቅል ድረስ ሁለት ክረምት መታገሥ ነው።